የጤና አገልግሎት ዕቅድና የነዋሪው ቁጥር በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ

በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት መስፈርት መሠረት በከተማ የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ 40 ሺህ ነዋሪዎችን እንዲያገለግል ይታቀዳል። የባለሙያ መደብ፣ የክትባት መጠን፣ የመድኃኒት በጀትና የወሊድ አልጋ ብዛት ከዚሁ ስሌት ይነሳሉ። በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች የዕቅድ ባለሙያዎችን በየዓመቱ የሚፈትነው ግን መስፈርቱ የሚሰላበት የሕዝብ ብዛት ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በግንቦት 1999 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ ዛሬ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ በአብዛኛው የእርሻ ማሳ ነበሩ።

የአንድ ሀገር የጤና ሥርዓት የወደፊት ፍላጎቱን ሲተነብይ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል፤ ምን ያህል ሰው እንደሚኖር፣ ሰዉ በምን እንደሚታመም፣ እርሱን ለማከም ምን ያህል ባለሙያ፣ ገንዘብና ሕንፃ እንደሚያስፈልግ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ ብዙ ጥናት ይደረጋል፤ ብዙም ይነገራል። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ከሠንጠረዥ ተገልብጦ የሚታለፍ መስሎ ይታያል። እርሱ ሲሳት ግን ሌሎቹ ሁለቱ በጥንቃቄ ቢሠሩም ዕቅዱ መሬት ላይ ካለው ሁኔታ ጋር አይገናኝም።

የዕቅዱ ማዕቀፍ

የሀገሪቱ የጤና ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. መግቢያ ሲሆን፣ በሽታን መከላከልን፣ ያልተማከለ አስተዳደርንና የኅብረተሰቡን ተሳትፎ ቀዳሚ አድርጓል። ፖሊሲውን ለመተግበር የሃያ ዓመት የጤና ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ተነድፎ ከ1990 እስከ 2007 ዓ.ም. በአራት ምዕራፎች ተካሂዷል። ከዚያም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሁለተኛው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተከትለዋል። ሁለተኛው ዕቅድ እስከ 2017 ዓ.ም. እንዲዘልቅ ተዘጋጅቶ የነበረ ሲሆን፣ ከአገር አቀፉ የመካከለኛ ዘመን ዕቅድ ጋር ለማጣጣም ተከልሶ ከ2016 እስከ 2018 በጀት ዓመት የሚያገለግል የልማትና የኢንቨስትመንት ዕቅድ ወጥቷል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ እ.ኤ.አ. እስከ 2035 ድረስ የሚመለከት የረጅም ጊዜ ራዕይ ሰነድ አለ። ሰነዱ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎትን በማጠናከር ለሁሉም ዜጋ የጤና አገልግሎትን ማዳረስን ግብ አድርጓል።

የአምስት ዓመቱ ሰነድ ወደ ሥራ የሚለወጠው በወረዳ ተኮር ዓመታዊ ዕቅድ አማካይነት ነው። ይህ አሠራር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተዘረጋ ሲሆን፣ ሚኒስቴሩ አመላካች ግቦችን ወደ ታች ያወርዳል፤ ወረዳው በአካባቢው ያለውን ችግርና አቅም መዝኖ የራሱን ዕቅድ ያዘጋጃል፤ ከዚያም የሁለቱ ልዩነት በውይይት ይታረቃል። በዘርፉ ውስጥ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» በመባል የሚታወቀው መርሕ መንግሥትም ሆነ የልማት አጋሮች በአንድ ሰነድ እንዲመሩ ለማድረግ የወጣ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ መርሕ ላይ የተመሠረተውን ዓለም አቀፍ የጤና አጋርነት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2008 በሀገር ደረጃ በመፈረም ቀዳሚ ሆናለች።

ወጪውን ለማስላት በሦስተኛውና በአራተኛው የልማት መርሐ ግብር ምዕራፎች ማነቆዎችን ለይቶ ተጨማሪ በጀትን የሚተምን ስልት ጥቅም ላይ ውሏል። ለትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች የተዘጋጀው «ዋን ኸልዝ» የተባለው የኮምፒውተር ማስሊያ ተመርጧል። የማስሊያው የመጀመሪያ ገጽ የሚጠይቀው ስለ በሽታ ወይም ስለ መድኃኒት አይደለም። የሕዝብ ብዛት በዕድሜና በጾታ ተከፋፍሎ እንዲገባለት ይጠይቃል። ቀጥሎ የሚወጣው ብር፣ ባለሙያና አልጋ ሁሉ የዚያ ቁጥር ብዜት ነው።

አካፋዩ ቁጥር

በሦስት ደረጃ በተዋቀረው የጤና ሥርዓት በገጠር አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ይጠበቃል። በከተማ መሠረቱ ለ40 ሺህ ሰው የሚታሰበው ጤና ጣቢያ ነው። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3 ነጥብ 5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይታሰብላቸዋል። በጤና ቢሮዎች ውስጥ «ዲኖሚኔተር» እየተባለ የሚጠራው አካፋይ ቁጥር እንግዲህ የሚፈለገውን ተቋም ብዛት ብቻ ሳይሆን የተሠራውን ሥራ መለኪያም ነው። ስንት ሕፃናት ተከተቡ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በመቶኛ የሚገለጸው መከተብ ለነበረባቸው ሕፃናት ግምት ተካፍሎ ነው።

መከተብ የነበረባቸው ሕፃናት፣ ክትትል የሚያስፈልጋቸው ነፍሰ ጡሮች፣ የቤተሰብ ምጣኔ ተጠቃሚ ሊሆኑ የሚችሉ ሴቶች ቁጥር ቤት ለቤት ተቆጥሮ አይገኝም። አጠቃላይ የሕዝብ ብዛቱ ለየክልሉ በተወሰነ የመቀየሪያ ምጣኔ ተባዝቶ ይገመታል። አጠቃላይ ብዛቱም የሚገኘው ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ተነስቶ ወደ ፊት ከተሰላ ትንበያ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ቀደም ያሉት ቆጠራዎች በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂደዋል። አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረ ቢሆንም ቀኑ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ባደረጉት ስብሰባ ለአንድ ዓመት እንዲራዘም ከተወሰነ በኋላ የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ ተከስቷል። በመሆኑም የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውና እስከ 2037 የሚዘልቀው ትንበያ ለጤናው ዘርፍ መደበኛ የቁጥር ምንጭ ሆኖ ቆይቷል።

ትንበያ በሁለቱም አቅጣጫ ሊስት እንደሚችል አዲስ አበባ ራሷ ምስክር ናት። ከ1999ኙ ቆጠራ በፊት የከተማዋ ሕዝብ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመት ነበር። ቆጠራው ያሳየው ግን 2 ሚሊዮን 739 ሺህ 551 ነው። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬው ወደ ሌላው ጎን ዞሯል። እ.ኤ.አ. ለ2021 በሀገር ውስጥ የተሰላው ትንበያ ለከተማዋ 3 ነጥብ 77 ሚሊዮን ገደማ ነዋሪ ሲሰጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ትንበያ ለዚያው ዓመት 5 ሚሊዮን ያህል ይሰጣል። የሁለቱ አሠራር አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው የሚያየው ከተማ ከአስተዳደር ወሰን ሊሰፋም ይችላል። ልዩነቱ በ40 ሺህ ሲካፈል ግን ትርጉሙ ጎልቶ ይወጣል። በመጀመሪያው ቁጥር ከተማዋ 94 ያህል ጤና ጣቢያ ያስፈልጋታል፤ በሁለተኛው 125። አዲስ አበባ በመንግሥት የሚተዳደሩ መቶ ገደማ ጤና ጣቢያዎች ስላሏት፣ በአንደኛው ስሌት ዕቅዱ ተሳክቷል፤ በሌላኛው ከሃያ በላይ ጤና ጣቢያዎች ይጎድላሉ።

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ

ይህ ጉድለት በከተማዋ ላይ በእኩል የተበተነ ቢሆን ኖሮ ጫናው ተከፋፍሎ ይቻል ነበር። አዲስ አበባ ያደገችው ግን በጠርዟ ነው። የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች መርሐ ግብር በሙከራ ደረጃ የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ በቦሌ ገርጂ ሲሆን፣ ግንባታው ቀስ በቀስ በሰሚትና በአያት በኩል አልፎ እስከ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ዘልቋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ምሥራቃዊ ጫፍ አያት ነው፤ ሰፈሮቹ ግን ከአያትም አልፈዋል። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሠራተኞችን፣ በተለይም ሴቶችን፣ ወደዚሁ አቅጣጫ ስቧል።

የቁጥሩን ፍጥነት ለመረዳት አንድ ዕጣ ብቻ ማየት ይበቃል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በከተማዋ በተለያዩ ሳይቶች ለሚገኙ 51 ሺህ 229 የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች ዕጣ ወጥቷል። በእያንዳንዱ ቤት በአማካይ አራት ሰው ቢገባ ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ማለት ነው፤ ይህም የአምስት ጤና ጣቢያ ተገልጋይ ይሆናል። ሰዎቹ የመጡት ከዚያው ከተማ ስለሆነ በከተማ ደረጃ ድምሩ አይለወጥም። የሚለወጠው አድራሻቸው ነው። የአራዳ ወይም የቂርቆስ አካፋይ ቁጥር ሳይቀንስ፣ የምሥራቁም ሳይጨምር፣ ሰዉ ቦታ ይቀይራል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም ከመሃል ከተማ የተነሱ ነዋሪዎችን ወደ ዳር ሰፈሮች በማዛወሩ ይኸው ሁኔታ ተጠናክሯል።

በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ለሚ ኩራ የከተማዋ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ሆኗል። አዲስ መዋቅር ለነዋሪው ቅርበት አለው። ለዕቅድ ባለሙያው ግን ሌላ ስሌት ያመጣል፤ በ1999 ዓ.ም. ለቦሌና ለየካ የተቆጠረው ሕዝብ ያኔ ባልነበረ ድንበር ተቆርጦ ለሦስት መከፋፈል አለበት። የተከፋፈለው ቁጥር በየዓመቱ በተመሳሳይ ምጣኔ እንዲያድግ ሲደረግ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ከማሳ ወደ ከተማነት የተለወጠ ወረዳና ነዋሪው የቀነሰበት ነባር ሰፈር እኩል ያደጉ መስለው በሠንጠረዡ ይታያሉ።

ውጤቱ በአፈጻጸም ሪፖርት ላይ በቀላሉ ይታወቃል። አካፋዩ ከእውነታው ሲያንስ የክትባት ሽፋን ከ100 በመቶ በላይ ሆኖ ይመዘገባል። እንዲህ ያለው አኃዝ በግምገማ መድረክ ብዙ ጊዜ እንደ ስኬት ይጨበጨብለታል፤ በጥሞና ለሚያየው ግን ያልታቀደለት ሕዝብ መኖሩን የሚጠቁም ማንቂያ ነው። ከ100 በመቶ በላይ ባስመዘገበ ወረዳ ውስጥ ጭራሽ ያልተከተቡ ሕፃናት ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሪፖርቱ ግን ይሸፍናቸዋል። ነዋሪው በወጣበት ሰፈር ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል። አካፋዩ ከልክ በላይ ስለሚሆን ትጉህ ሠራተኛ ሳይቀር ግቡን ባለማሳካት ይወቀሳል።

የመቀየሪያ ምጣኔውም በዚህ አካባቢ ጥንቃቄ ይሻል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንዲት ሴት በሕይወት ዘመኗ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በሀገር ደረጃ 4 ነጥብ 6 ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 1 ነጥብ 8 ነበር። ይህም ራስን ከመተካት በታች ነው። ከተማዋ የምታድገው በዋናነት በፍልሰት ስለሆነ፣ የእድገቷን ልክ ከወሊድ ክፍል መዝገብ ማግኘት አይቻልም። የጋራ መኖሪያ ቤት ባለዕጣ ቤቱን ለተከራይ ሲሰጥ ደግሞ ነዋሪው በየዓመቱ የሚለዋወጥ ወጣት ይሆናል። ሰፈሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ለእናቶችና ሕፃናት የተያዘው በጀት ሊተርፍ፣ የድንገተኛ ሕክምናውና የአባላዘር በሽታ አገልግሎቱ ደግሞ ሊያጥር ይችላል።

ይህን ክፍተት በቅርበት ለማወቅ የተሻለ ዕድል ያለው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ በገጠር ከተጀመረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ከተሞች ሲሰፋ፣ አንዲት ባለሙያ 500 አባወራዎችን እንድትከታተል ታስቦ ነው። በገጠር ከተሰማሩት የአንድ ዓመት ሠልጣኞች በተለየ በከተማ የተመደቡት ነርሶች ናቸው። በኋላም ሐኪምን ወይም ጤና መኮንንን ከነርሶች ጋር አቀናጅቶ ለችግር የተጋለጡ ቤተሰቦችን በቅድሚያ የሚጎበኝ የቤተሰብ ጤና ቡድን አሠራር በአዲስ አበባ ተግባራዊ ሆኗል። ባለሙያዎቹ የያዙት የቤተሰብ ማህደር የወረዳውን እውነተኛ ነዋሪ ሊያሳይ የሚችል ሰነድ ነው። ችግሩ በኮንዶሚኒየም ሰፈር ቀን ቀን በር የሚከፍት ሰው ማግኘት ነው። ባልና ሚስት ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ ቤት ያለችው ሠራተኛም ስለ ቤተሰቡ ለመናገር ፈቃደኛ ላትሆን ትችላለች።

ከመካነ መቃብር የተገኘ መረጃ

ሰው ስንት እንደሆነ በውል ባይታወቅም፣ በምን እንደሚሞት ግን አዲስ አበባ ከብዙ የአፍሪካ ከተሞች ቀድማ የመረጃ ዘዴ አበጅታለች። በ1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በከተማዋ መካነ መቃብሮች የሚፈጸሙ ቀብሮችን የሚመዘግብ ሥርዓት ዘረጉ። ሞት በሆስፒታል ቢደርስም ባይደርስም፣ ሟቹ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም ይቀበራል፤ የቀብር መዝገቡም በሆስፒታል ካርድ ከሚገኘው የሰፋ ገጽታ ይሰጣል። ከተመዘገቡት መካከል በናሙና የተመረጡ ሟቾች ቤተሰቦች ዘንድ በመሄድና ስለ ሕመሙ ምልክቶች በመጠየቅ የሞቱ ምክንያት እንዲጣራ ተደርጓል።

የመነሻው ዓላማ በኤድስ ምክንያት የሚደርሰውን ሞት መከታተል ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ በከተማዋ በኤድስ የሚሞቱ አዋቂዎች ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ መቀነሱ በዚሁ መዝገብ ተረጋግጧል። መዝገቡ ያልተጠበቀ ነገርም አሳየ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 በተጠና መረጃ ከአዋቂዎች ሞት 51 በመቶው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች፣ 42 በመቶው በተላላፊ በሽታዎችና ተያያዥ ምክንያቶች፣ 6 በመቶው በአደጋ የደረሰ ነበር። ያን ጊዜ የሀገሪቱ ዕቅድ፣ በጀትና የአጋሮች ድጋፍ በአብዛኛው በወባ፣ በቲቢ፣ በኤች.አይ.ቪ እና በእናቶችና ሕፃናት ጤና ላይ ያተኮረ ነበር። ትኩረቱ አላስፈላጊ አልነበረም፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ1992 ዓ.ም. ከነበረበት በሺህ 166 በ2011 ዓ.ም. ወደ 59 የወረደው በዚሁ ሥራ ነው። ዋና ከተማዋ ግን የነገውን የሀገሪቱን ሕመም ቀድማ ትታመም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የሀገሮች መግለጫ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች በኢትዮጵያ ለሚደርሰው ሞት ያላቸውን ድርሻ 39 በመቶ አድርሶታል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተካሄደው ሀገር አቀፍ ዳሰሳ ደግሞ ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታይቷል። ይህ ለዕቅድ ባለሙያው ትልቅ ለውጥ ነው። ክትባት ተሰጥቶ የሚያበቃ አገልግሎት ሲሆን፣ የደም ግፊትና የስኳር ታማሚ ግን በየወሩ ይመለሳል፤ ዕድሜ ልኩንም መድኃኒት ይፈልጋል። ጤና ጣቢያው ለ40 ሺህ ሰው ሲታሰብ በአብዛኛው ታሳቢ የተደረገው የመጀመሪያው ዓይነት ተገልጋይ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የተከለሰው መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ፓኬጅ ለዚህ ምላሽ ለመስጠት የሞከረ ሰነድ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከወጣው የመጀመሪያው ፓኬጅ በእጅጉ ሰፍቶ 1 ሺህ 18 የሕክምናና የመከላከል አገልግሎቶችን ይዘረዝራል፤ በነፃ የሚሰጡትን፣ ወጪ በመጋራት የሚሰጡትንና ሙሉ ክፍያ የሚጠየቅባቸውንም ይለያል። ሁሉንም በአንዴ ለማቅረብ ገንዘብ ስለማይበቃ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ተለይተዋል። ቅደም ተከተሉ ግን ሀገር አቀፍ ነው። ለአንድ የአርብቶ አደር ወረዳና ለቦሌ ወረዳ የሚስማማው ቅደም ተከተል አንድ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ቢሆንም፣ በወረዳ ደረጃ የማስተካከል ልምዱ ገና አልዳበረም።

አየር ማረፊያውና ያልታሰበ ፍላጎት

ቦሌ ከሌሎች ክፍለ ከተሞች የሚለይበት አንድ ነገር የአህጉሪቱ ዋነኛ የበረራ ማዕከል የሚገኝበት መሆኑ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ታማሚ በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ፣ ግለሰቡ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበር። በየካ ክፍለ ከተማ ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ የተገነባው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለወረርሽኙ የመጀመሪያው ልዩ የሕክምና ማዕከል ሆነ። ከጥቂት ወራት በኋላም ከአየር ማረፊያው አጠገብ የሚገኘው የሚሊኒየም አዳራሽ 1 ሺህ ያህል አልጋ ያለው ማዕከል ተደረገ። ለበዓልና ለኤግዚቢሽን የተሠራ አዳራሽ በሳምንታት ውስጥ ሆስፒታል መሆኑ የአፈጻጸም አቅምን ያሳያል። የዚያኑ ያህል በመደበኛው ዕቅድ ውስጥ የተጠባባቂ አልጋ፣ የኦክስጅንና የጽኑ ሕሙማን ባለሙያ ስሌት እንዳልነበረም ያሳያል። የአእምሮ ሕሙማን አልጋ ለወረርሽኝ ሲውል የአእምሮ ሕሙማኑ ፍላጎት አብሮ አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኢትዮጵያ ለድንገተኛ የጤና አደጋዎች ያላትን ዝግጁነት በውጭ ባለሙያዎች አስገምግማ፣ በውጤቱ መነሻነት የጤና ደኅንነት የድርጊት መርሐ ግብር አዘጋጅታለች። ይህ ሰነድና ወረዳ ተኮሩ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጁት በተለያየ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ባለሙያና ገንዘብ

ጤና ጣቢያ በሁለትና በሦስት ዓመት ይገነባል። ሐኪም ለማሠልጠን ግን ስድስትና ሰባት ዓመት፣ ስፔሻሊስት ለማድረግ ተጨማሪ ሦስትና አራት ዓመት ይጠይቃል። በየካቲት 2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት አዲሱ የሕክምና ትምህርት ሥርዓት ሲጀመር የታሰበው የዛሬው ፍላጎት ነበር። የምሩቃኑ ቁጥር ጨምሯል፤ ሆኖም ምሩቅ መኖሩ ብቻ ሕዝቡን አያገለግልም። መደብ የሚፈቀደው በአካፋዩ ቁጥር ነው፤ አካፋዩ ዝቅ ብሎ ከተያዘ ሥራ የሚፈልግ ሐኪምና ሐኪም የሚፈልግ ጤና ጣቢያ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሳይገናኙ ይቀራሉ።

በ2009 በጀት ዓመት በተሠራው ሀገር አቀፍ የጤና ወጪ ሒሳብ ለአንድ ሰው በዓመት የሚወጣው 33 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሲሶው ከውጭ፣ ሲሶው ከመንግሥት፣ ሲሶው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የተገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ማቋረጡ በዚህ አወቃቀር ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሆነ አሳይቷል። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከኪስ የሚወጣውን ለመቀነስ የተዘረጋ ሲሆን፣ የአባልነት ሽፋኑም የሚለካው በዚያው በአባወራ ብዛት ግምት ነው።

በወረዳ ደረጃ የሚገኝ መረጃ

በሌሎች ሀገሮች ችግሩ በተለያየ መንገድ ተፈትቷል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2002 ለሁሉም ዜጋ የጤና ሽፋን ስትጀምር በጀቱን ያከፋፈለችው በነዋሪዎች መዝገብና በ13 አኃዝ የመታወቂያ ቁጥር በመደገፍ ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2009 እና በ2019 ቆጠራ አካሂዳለች። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመላው ሀገሪቱ ተጀምሯል፤ የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም በአዋጅ ጸድቆ በመስፋፋት ላይ ይገኛል። ሁለቱም ቆጠራን አይተኩም፤ ልደትና ሞት በጊዜው ካልተመዘገበ፣ አድራሻም ካልታደሰ፣ ለወረዳ ዕቅድ የሚሰጡት ጥቅም ውስን ነው።

እስከዚያው በጤና ጣቢያው እጅ ያለ መረጃ አካፋዩን ለመፈተሽ ያገለግላል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ሥራ የገባው «ዲ.ኤች.አይ.ኤስ 2» የተባለው የመረጃ ሥርዓት ወርኃዊ ሪፖርትን ከየተቋሙ ይሰበስባል። የመጀመሪያውን የፔንታ ክትባት የወሰዱ ሕፃናትና የመጀመሪያ ክትትል ያደረጉ ነፍሰ ጡሮች ቁጥር ከተገመተው በላይ ሆኖ ሁለትና ሦስት ዓመት ከቀጠለ፣ ስህተቱ ከሪፖርቱ ይልቅ ከግምቱ መሆኑ ይበልጥ የሚያስኬድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የቦሌ ጤና ጣቢያዎች ከአጎራባች የኦሮሚያ አካባቢዎች የሚመጡ እናቶችን ያስተናግዳሉ፤ የቦሌ ነዋሪም በገርጂ፣ በሃያ ሁለትና በመገናኛ አካባቢ ወደሚገኙ የግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ይሄዳል። የተገልጋዩ አድራሻ በካርዱ ላይ በትክክል ካልተሞላ የራስን ከእንግዳ መለየት አይቻልም። የመድኃኒት ጥያቄውም ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በየሁለት ወሩ ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚልኩት ሪፖርትና ጥያቄ ባለፈው ፍጆታ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ በሁለት ወር መካከል የተላለፈ አዲስ ብሎክ ነዋሪ በስሌቱ ውስጥ አይኖርም።

ሁለተኛው ምንጭ ከጤናው ዘርፍ ውጭ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሳይት፣ የብሎክና የቤት ብዛት፣ የርክክብ ወቅት በቤቶች ልማት መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ነዋሪው ከመግባቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ይታወቃል። የትምህርት ቤቶች የተማሪ ምዝገባ፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪ ደንበኞች ቁጥር፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የሠራተኞች ዝርዝርም እንዲሁ። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምርና የወረዳ ዕቅድ ዝግጅት ከክረምቱ አስቀድሞ ስለሚጠናቀቅ፣ እነዚህ ዝርዝሮች ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢዘገይ እስከ የካቲት መድረስ ይኖርባቸዋል። በሰኔ የደረሰ የርክክብ ዝርዝር ለቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ስለማያገለግል፣ በነሐሴ ቤታቸውን የተረከቡ ቤተሰቦች በጤና ጣቢያው በጀት ውስጥ የሚታዩት ከገቡ ከአሥር ወር በኋላ ነው።